አማቴ አዲስ አበባን ያዩበት ቀን

መካነ ሰላም ውስጥ መርዶ ሲኖር የሚጠሩት አማቴ እትዬ ፈንታዬ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ግን ልጁ ዓረብ አገር የሞተችበት ወይም ወንድሙ በመኪና አደጋ ያለፈበት ሰው ካለ፣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚያንኳኩት የእሳቸውን በር ነው። ነገሩን የሚያሰናዱት እሳቸው ናቸው። ሰውየው ወሬውን ከመንገድ እንዳይሰማ ስልኩን በሰበብ ከእጁ ያስወጡታል። እህል ሳይቀምስ እንዳይሰማ በግድ ያበሉታል። ጎህ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤቱን ሰብስበው ደጁ ላይ ይቆማሉ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው። ሰውየው በሩን ከፍቶ ነጠላቸውን ሲያይ፣ ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ ይገባዋል።

ይህን ሥራ የጀመሩበት ምክንያት አላቸው። የተወለዱት አጅባር አጠገብ ነው። ገና ልጃገረድ ሳሉ የእናታቸውን ሞት የሰሙት ገበያ መሃል፣ ጨው ከምትሸጥ የማያውቋት ሴት አፍ ነበር። ሴትየዋ "እናትሽ ነበሩ አሉ ትናንት የተቀበሩት፣ ነፍስ ይማር" ብላቸው ወደ ጨው ሽያጯ ተመለሰች። እትዬ ፈንታዬ ይህን ሲያወሩ እስከ ዛሬ ድምፃቸው ይሻክራል፤ የሚቆጡት በሞቱ ሳይሆን በሴትየዋ ነው። ከዚያ ወዲህ በእጃቸው ያለፈ ሰው ሁሉ መርዶውን የሰማው በወጉ፣ ቤቱ ውስጥ፣ ወገን ከቦት ነው።

ይህን የምነግራችሁ እንድታደንቋቸው አይደለም። እኔ ያን ቀን አብሬ ከዋልኩ ወዲህ "በወጉ" የሚባለውን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። የምነግራችሁ ባለቤቴ ምንይችል ምን ዓይነት ሞኝ እንደሆነ እንዲገባችሁ ነው። እንዲህ ያሉትን ሴት "ሰርፕራይዝ አደርጋለሁ" ብሎ የተነሳ ሰው በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንይችል ታናሽ እህት ስመኝ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት ስትሠራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ዘንድሮ ጠቅልላ ልትመጣ ወሰነችና ለወንድሟ ደወለች። "ለእማ እንዳትነግራት። ብቻ ቦሌ አምጥታችሁ አቁሙልኝ፤ ስወጣ ድንገት ታየኛለች" አለችው። በስልኳ ስታይ የከረመችው ነገር ነው። ልጅ ከዓረብ አገር ስትገባ እናት እየጮኸች ትወድቃለች፣ አንዱ ቆሞ ይቀርጻል፣ የማያውቃቸው ሕዝብ እያየ ያለቅሳል። ምንይችልም ነገሩን ወደደው። "እማ ዕድሜዋን ሙሉ አዲስ አበባን አላየችም። ቀኑን ሙሉ ከተማውን አሳይተናት አሥር ሰዓት ላይ ቦሌ እናደርሳታለን" አለኝ። ሱቄን ዘግቼ መሄዱ አልጣመኝም። ግን ስመኝን እወዳታለሁ፤ እሺ አልኩ።

አንድ ከባድ ጉዳይ ግን ነበረብን። የስመኝና የምንይችል አባት፣ ጋሼ ውበቱ፣ ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ስመኝ አታውቅም።

እንዳታውቅ ያደረጉት እትዬ ፈንታዬ ናቸው። በቀብሩ ማግሥት ለቀስተኛውን ድንኳን ውስጥ አስቀምጠው አስማሉት። "ልጄ በሰው አገር፣ በሰው ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ናት። ብትወድቅ ማን ያነሳታል? እንባዋን ማን ይጠርግላታል? አገሯ ስትገባ፣ ወገን ከቧት ትሰማለች" አሉ። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ማናችንም አልተቃወምንም። ከዚያ ወዲህ ስመኝ በየእሑዱ ደውላ "አባዬስ?" ስትል፣ "ከብት ይዞ ቆላ ወርዷል፤ ኔትወርክ የለም" ይባላል። ከእኛ ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ሰው ስልኩ እንደማይሠራ ታውቃለችና ታምናለች። "ሰላም በይልኝ" ትላለች። "እሺ እልልሻለሁ" ይሏታል እናቷ። ዕቅዳችን ስመኝ ቦሌ ገብታ እናቷን እንድታቅፍ፣ በማግሥቱ ይዘናት ወደ አገር እንድንወጣና እዚያ ሽማግሌ ተሰብስቦ እንድትሰማ ነበር። ወረቀት ላይ ቢጻፍ ያምራል።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሳምንት፣ ምንይችል እናቱን "ተዘጋጂ፣ አዲስ አበባን ላሳይሽ ነው" አላቸው።

"ምን አለኝ እዚያ?"

"ዋና ከተማሽ አይደል እንዴ? ሰው የራሱን ዋና ከተማ ሳያይ ይሞታል?"

"ማን ሞተ?" አሉ ወዲያው።

"ኧረ ማንም አልሞተም! ለሽርሽር ነው" አለና ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ከእኛ አገር ሰው አዲስ አበባ የሚሄደው ለሕክምና ነው፣ ለጉዳይ ነው፣ ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ ለመሸኘት ነው። እናቱን ፓርክ ለማሳየት ከመካነ ሰላም አውቶብስ ያሳፈረ ሰው እስከዚያ ቀን ታይቶ አይታወቅም።

ጉዞው ገና ደጎሎ ሳይደርስ ነው የተበላሸው። ምንይችል ደስታውን መደበቅ አያውቅበትም። ሆዱ ሲባባ ዓይኑ ይረጥባል፤ ዓይኑ ሲረጥብ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ደጎሎ ላይ ለምሳ ስንወርድ ለእናቱ ጥብስ አዘዘላቸው፣ ለስላሳ አስከፈተላቸው፣ "ብይ እንጂ እማ፣ ብይ" እያለ ጉርሻ አከታተለባቸው። እሳቸው እያኘኩ ትክ ብለው ያዩታል። ይባስ ብሎ ከአገር አንዱ ደውሎ ምሥጢሩን እንዳያወጣ ፈራና፣ "ቻርጅ ላድርግልሽ" ብሎ ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትቶ ኪሱ ከተተ። እግሩን በጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት። "ምን ሆነሻል?" አለኝ ጮክ ብሎ። ምን ላድርገው?

አዲስ አበባ ልንገባ ስንል አንድ ኬላ ላይ ወርደን ተሰለፍን። መታወቂያችንን የሚያገላብጠው ወጣት "ለምን ጉዳይ ነው?" አለ።

"ከተማ ልንጎበኝ" አለ ምንይችል።

ወጣቱ ሳቀ። "ከወሎ ድረስ? ለጉብኝት?" ብሎ ለባልደረባው ነገረው፤ እሱም ሳቀ። ሌላው ተሳፋሪ ተመልሶ ተቀምጦ በመስኮት ሲያየን እኛን ዳር አቁመው ጓዛችንን ሁለት ጊዜ በረበሩት። ለቀብር ነው ብንል "ነፍስ ይማር" ብለው ያሳልፉን ነበር። የገዛ ዋና ከተማችንን ለማየት መጣን ስላልን ግን ውሸታም ሆንን። ተመልሰን ስንቀመጥ እትዬ ፈንታዬ ወደ ልጃቸው ዞር አሉና፣ "እሱ እንኳ አላመነህም" አሉት።

ያን ማታ አውቶብስ ተራ አካባቢ አልጋ ይዘን አደርን። ጠዋት አሕመድኑር ታክሲውን ይዞ መጣ። አሕመድኑር የመካነ ሰላም ጎረቤታችን የዙሀራ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ታክሲ ይነዳል። ከመኪናው ወርዶ የእትዬ ፈንታዬን ጉልበት ስሞ፣ "አብሽሩ እማማ! ዛሬ ሥራ የለኝም፤ ቀኑን ሙሉ የእናንተው ነኝ" አላቸው። ደግነቱ ነው። እሳቸው ግን ክንዴን ጨብጠው በጆሮዬ፣ "ሥራውን ትቶ የሚከተል ሰው ለምን ይከተላል ፍቅርአዲስ? ሬሳ ለመሸከም አይደል?" አሉኝ።

"እትዬ በእግዚአብሔር! ለመንዳት ነው" አልኳቸው።

"አንቺም ገብተሽበታል ማለት ነው" ብለው ክንዴን ለቀቁት።

ከተማውን እንዴት እንዳዩት ልንገራችሁ። አላዩትም። አራት ኪሎ ላይ ምንይችል "ይኸ ምክር ቤቱ ነው፣ ያ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ" ሲል፣ እሳቸው "ስመኝ እሑድ ለምን አልደወለችም?" ይላሉ። ምሥጢሩ እንዳያመልጣት ብላ እንደተወችው እኛ እናውቃለን። ያ ረጅም ሕንፃ የባንክ ነው ሲባሉ፣ "እሑድ አስቀርታ አታውቅም" ይላሉ። እንጦጦ ወጥተን ከተማው ከሥራችን ተዘርግቶ ሲታይ አሕመድኑር መኪናውን አቁሞ "አያምርም እማማ?" ቢላቸው፣ ቁልቁል ተመለከቱ። "ብዙ ሰው ይኖርበታል" አሉ። "አንድ እውነት የሚናገር ግን አላጋጠመኝም።"

ምንይችል ማስቲካ አውጥቶ አኘከ። እኔ ደግሞ ሰዓት እቆጥራለሁ። አሥር ሰዓት እስኪሆን ሰው እንዴት ይዋላል?

ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል ወደ አንድ አዲስ ፓርክ ገባን። ውሃው ከመሬት እየተፈናጠረ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሙዚቃ ይዘፍናል፣ ሙሽሮች ከነአጃቢዎቻቸው ፎቶ ይነሳሉ። እግራችን ዝሎ ሣር ላይ አረፍ ስንል አንድ ጥበቃ መጥቶ አስነሳን። እትዬ ፈንታዬ ሣሩን በእጃቸው እያሻሹ ተነሱ። "ይኸ ሁሉ ሣር አንድ ጥጃ የለበትም፣ ሰውም አይቀመጥበትም። ለማን ነው ያበቀሉት?" አሉ።

የድንጋይ መቀመጫ አግኝተን ተቀመጥን። ያን ጊዜ እጃቸውን ዘረጉ።

"ስልኬን ስጠኝ።"

"ዘግቷል እማ፣ ባትሪው አልቋል" አለ ምንይችል።

"ቻርጅ ላደርግልሽ ነው ብለህ አልነበር የወሰድከው? በል በራስህ ደውልልኝ። የስመኝን ድምፅ ልስማ።"

ምንይችል ሰዓቱን አየ። ስመኝ በዚያ ሰዓት አውሮፕላን ውስጥ ገብታለች። እያወቀ፣ ሌላ ማምለጫ አጥቶ ደወለና ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘላቸው። በዓረብኛ የምትናገር ሴት መለሰች። እትዬ ፈንታዬ እስክትጨርስ ሰሟት።

"ምን አለች?"

"ስልኩ ዝግ ነው አለች።"

"ዓረብኛ ታውቃለህ?"

"አላውቅም፤ ግን..."

"ታዲያ ሞታለች ብትልስ በምን ታውቃለህ?"

ምንይችል ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አለቀሰ። የዚያን ያህል ትልቅ ሰው፣ ባለ ጢም፣ የሁለት ልጆች አባት። የደስታም የጭንቀትም ነበር እንባው፤ ግን እንባ መልኩ አንድ ነው። ፊቱን ቢያዞርም አዩት።

ከመቀመጫቸው ተነሱ። እንዲህ ቁጡ ሆነው አይቻቸው አላውቅም፤ እኔም ቁጡ ነኝ፣ ግን ወደ ኋላ አልኩ።

"ምንይችል! እኔ ማን ነኝ? ስልኬን ትወስዳለህ። በግድ ታበላኛለህ። የዙሀራን ልጅ ሥራ አስፈትተህ ታስከትላለህ። ፊትህን አዙረህ ታለቅሳለህ። ይህን ሁሉ ለሰው ስሠራ የኖርኩት እኔ ነኝ! የሠራሁትን እኔው ላይ ትሠሩታላችሁ? ቀኑን ሙሉ ሕንፃ እያሳያችሁ፣ ውሃ እያሳያችሁ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ታታልሉኛላችሁ? ልጄ የት አለች?"

"አለች እማ! አለች!"

"አለች! እኔስ ለእሷ 'አለ' እያልኳት አይደለም ሁለት ዓመት የኖርኩት?"

ይህን ብለው ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈፉ፣ ገለበጡት፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዞሩት። ከዚያ ጮኹ። "ስመኝ! ስመኝዬ! በሰው አገር ብቻሽን!" ብለው ደረታቸውን ይዘው ተንበረከኩ። ለያዥ ለገናዥ አስቸገሩ። ሙዚቃው እየዘፈነ፣ ውሃው እየጨፈረ፣ አማቴ በሕይወት ያለች ልጃቸውን ያለቅሳሉ።

ሰው ተሰበሰበ። ጥቁር መነጽር ያደረገች የከተማ ሴት ቦርሳዋን ጥላ አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ አብራ አለቀሰች። ከሙሽራዋ ሚዜዎች አንዷም ጀመረች። ያ ጥበቃ ደግሞ እየሮጠ መጥቶ፣ "እናት፣ ይቅርታ፣ እዚህ ማልቀስ አይቻልም" አለ።

እኔም ያን ጊዜ ፈነዳሁ። ቀኑን ሙሉ ያጠራቀምኩት፣ ከኬላው ጀምሮ የዋጥኩት ሁሉ ወጣ። "መቀመጥ አይቻልም! ማልቀስ አይቻልም! ምንድን ነው የሚቻለው? የሚለቀስበት ቦታ ካላችሁ አሳየንና እንሂድ!" ብዬ ጮኽኩበት። ልጁ ደነገጠ፤ ጥፋቱም የሱ አልነበረም። ከዚያ ወደ ባሌ ዞሬ፣ ከዚያ ወደ አማቴ፣ "በቃ! እትዬ፣ ስመኝ ደህና ናት! ዛሬ አሥር ሰዓት ቦሌ ትገባለች! ሰርፕራይዝ ነው!" አልኩ።

ልቅሷቸውን ገታ አደረጉ። "በምን ትገባለች?"

"በአውሮፕላን ነዋ!"

"የጎረቤታችን የሀምዱ ልጅም በአውሮፕላን ነው የገባችው። ሣጥኗን ከመኪናው ያወረድኩት እኔ ነኝ።"

"በእግሯ ነው የምትመጣው! ልታስደስትዎት ብላ ነው! ሰርፕራይዝ ማለት ሰውን ድንገት ማስደሰት ማለት ነው!"

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ ዓይናቸው ግን ደርቋል። "እኔን ማን አስደስቶኝ ያውቃል?" አሉ።

ቁጣዬ የት እንደሄደ አላውቅም፣ ለአፍታ ጠፋብኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ምራታቸው ሆኜ ስኖር እኔም ድንገት ያስደሰትኳቸው ቀን ትዝ አላለኝም። ስሜን ጠርተው "አመሰግናለሁ" ያሉኝም ቀን ትዝ አላለኝም፣ ይህም ይታወቅልኝ።

ወደ ቦሌ ስንሄድ ሌላው ፍርሃት ያዘኝ። ከኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ "እትዬ፣ እባክዎት ነጠላዎን ያስተካክሉት። ስመኝ እንዲህ ሆነው ካየችዎት ማን እንደሞተ ትጠይቃለች። ስለ ጋሼ ምን ልንላት ነው?" አልኳቸው።

"በእግሯ ስትሄድ ካየኋት አስተካክለዋለሁ።"

"ወላሂ እማማ፣ ልጅዎ በሕይወት ናት" አለ አሕመድኑር ከፊት።

"አንተ ዝም ብለህ ንዳ። ዙሀራ በሐሰት እንድትምል አላሳደገችህም።"

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ለምኜ ሰለቸኝ። አሁን ሳስበው በእጄ ገልብጬ ላስተካክለው ይገባ ነበር፤ ግን የአማቱን የልቅሶ ነጠላ በግድ የሚገለብጥ እጅ ማን አለው?

ተቀባዮች የሚቆሙበት ቦታ ላይ ቆምን። ከዓረብ አገር የገቡ ልጆች ጋሪያቸውን እየገፉ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ሻንጣቸውን እያንገዳገዱ ይወጣሉ። እልልታ አለ፣ ልቅሶ አለ፣ ስልክ አንስቶ የሚቀርጸው ብዙ ነው። የእኔም ጉድ ምንይችል ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል። ከጠዋት ጀምሮ ያ ሁሉ ሆኖ እንኳ ቀረጻው አልቀረበትም።

ስመኝ ወጣች። ውሃ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፣ ፊቷ ሞላ ብሏል፣ ባንድ እጇ ጋሪ ትገፋለች፣ በሌላው ስልኳን ወደ ራሷ ይዛ ትስቃለች። እትዬ ፈንታዬ አንድ ጊዜ "እ!" አሉ። ከዚያ አጥሩን በጎን አልፈው ሮጡ። ስልሳ ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ማንም አልያዛቸውም። ልጃቸው ላይ ተጠመጠሙባት፣ ፊቷን ዳበሱት፣ ትከሻዋን ዳበሱት፣ ጎንበስ ብለው እግሯን ያዙ። "እግርሽን! እግርሽን ልየው! በእግርሽ መጣሽ!" እያሉ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ዓይኔ እያየ ሌላ ሴት ሆኑ። ያን ጊዜ ምንይችልን ይቅር ልለው ምንም አልቀረኝም።

ስመኝም እየሳቀች አነሳቻቸው። አቀፈቻቸው። ከዚያ እጇ ነጠላቸው ላይ አረፈና ቆመ።

ወደ ኋላ ሸሸት ብላ ጥለቱን አየች። እትዬ ፈንታዬ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ሊገለብጡት ሞከሩ፤ ጣታቸው ተተበተበ።

"ማነው እማ?" አለች ስመኝ።

"ማንም። ማንም አይደለም የኔ ልጅ። ለአንቺ ነው። ሞተሻል ብዬ ነው።"

እውነታቸውን ነበር። ግን የዚህን ዓይነት እውነት ማን ያምናል? ስመኝ ከእናቷ ወደ ወንድሟ አየች፣ ከወንድሟ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አሕመድኑር። የመጣነውን ሰዎች በዓይኗ ቆጠረችን።

"አባዬስ?"

"ቆላ ወርዷል፣ ከብት..." ብሎ ጀመረ ምንይችል፣ ስልኩን እንደያዘ።

"ዝም በል!" አሉ እትዬ ፈንታዬ። እንዲህ ሲጮኹ ዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። "ዝም በል አንተ! ዛሬ ቀኑን ሙሉ ያቃጠላችሁኝ አይበቃም?"

እኔ ስልኩን ከባሌ እጅ ነጥቄ አጠፋሁት። እትዬ ፈንታዬ የልጃቸውን ሁለት እጆች ያዙ። ሽማግሌ የለም፣ ቤት የለም፣ ጎህ የለም፤ ጋሪ ይንጋጋል፣ መኪና ጥሩምባ ይነፋል።

"አባትሽ ሞቷል" አሉ።

ስመኝ አልጮኸችም። "መቼ?" አለች።

"ሁለት ዓመት ሆነው። በጥቅምት።"

"ሁለት ዓመት" አለች ስመኝ ቀስ ብላ። እጇን ከእናቷ እጅ አወጣች። "ታዲያ ሰላም በይልኝ ስልሽ? በየእሑዱ ሰላም በይልኝ ስልሽ እሺ ትዪኝ አልነበር? ለማን ነበር የምትይልኝ?"

"ለእሱ" አሉ እትዬ ፈንታዬ። "አንዱንም አላስቀረሁብሽም። ስልኩን ዘግቼ ወዲያው ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። መቃብሩ ላይ ተቀምጬ ያልሽውን ሁሉ እነግረዋለሁ። ቤት መቀየርሽን ነግሬዋለሁ። ታመሽ የነበረ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ጠቅልዬ ልምጣ ይሆን ብለሽ ያማከርሽኝንም ነግሬዋለሁ። ክረምት ከበጋ፣ አንድም ቀን አላስቀረሁም ልጄ።"

ይህን እኛም አናውቅም ነበር። ምንይችል አፉን ከፍቶ እናቱን ያያል። እኔ እሑድ እሑድ ከሰዓት የት እንደሚሄዱ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ስመኝ ግን አልራራችም። ቀኑን ሙሉ እናቷ ፊት ላይ ያየሁት ቁጣ አሁን እሷ ፊት ላይ ነበር፣ ያው ግንባር፣ ያው ከንፈር። በሁለት እጇ ደረቷን መታችና፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ "ለሞተው ስትነግሪው ለቆምኩት ለእኔ መንገር አቃተሽ?" ብላ ጮኸች።